ባለ ክንፉ ቅጠል

ይድረስ ለማከብርህና ለምሳሳልህ ታላቅ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ለወጉ ያህል ሳይሆን ከልቤ ነው የምጠይቅህ፤ እንደምን ነህ? ያ ወገብህስ? እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ? እማዬ እንዴት ናት፤ ዓይኗ ተሻላት ወይስ አሁንም ሰውን በእርምጃው ነው የምትለየው? እታችንን ጉንፋኑ ለቀቃት? ባለቤትህ፣ ሁለቱ ልጆችህ፣ ያቺ ተራጋጭ ላማችን ሳትቀር ደህና ናችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁና ከቀኝ እጄ ቁስል በቀር ደህና ነኝ። ጽሑፌ የዶሮ ጭረት መስሎ ከታየህ በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው። የእጄን ነገር እመጣበታለሁ፤ የሚያኮራ አይደለም።

«ምን ደብዳቤ አስፈለገ፣ ስልክ አለ አይደል?» እንደምትል አውቃለሁ። ስልኩንማ ሞከርኩት። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ ሦስት ጊዜም «አንተ ደግሞ ሽማግሌ ሆንክብኝ?» ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋህብኝ። ደብዳቤ አይዘጋም፤ ብትቀደውም ቁርጥራጩ ደጅህ ላይ ሆኖ ይጠብቅሃል። ደግሞም የምልክልህ ነገር በስልክ የሚላክ አይደለም። ፖስታው ውስጥ በጋዜጣ የጠቀለልኳቸው ሁለት ቅጠሎች አሉ። አደራህን እንዳትጥላቸው፤ እታችንም መድኃኒት መስሏት እንዳታፈላቸው። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ነው። ወሬ ይወዳል እንጂ አደራ አይበላም፤ ውሃ አጠጥተህ ቶሎ አሰናብተው፣ አለዚያ ማምሻውን አገሩ ሁሉ ይሰማዋል።

ያሰብከውን አውቄዋለሁ። አባባን የገደለው ሰው፣ የጎረቤታችን የችግኝ ነጋዴው ልጅ፣ ዐሥራ አራት ዓመቱን ጨርሶ በሚመጣው ወር በሰባተኛው ቀን ከእስር ይወጣል። አንተም የአባባን መጥረቢያ ስለህ ከበሩ ኋላ አቁመሃል። የነገረችኝ እታችን ናት፤ አትቆጣት፣ ፈርታ ነው። በየማለዳው ታወጣውና ስለቱን በአውራ ጣትህ ትሞክረዋለህ አሉ። ከእስር ቤቱ በር እስከ ሰውዬው ቤት ያለውንም መንገድ ሁለት ጊዜ በእግርህ ለክተኸዋል አሉ። ወንድምዓለም፣ ከዚያ በፊት አንድ ነገር እንድታደርግልኝ ነው ይህን የምጽፈው። ጓሮ ውጣና ያንን የብርቱካን ዛፍ እይልኝ። አየሁት አትበለኝ። ሃያ አንድ ዓመት ጓሯችን ቆሞ ረገምነው እንጂ አንድ ቀንም አላየነውም።

ለምን እንደምልህ እንዲገባህ መጀመሪያ እዚህ የሆነውን ልንገርህ።

እንደምታውቀው እዚህ ችግኝ ጣቢያ ከገባሁ ሰባት ዓመቴ ነው። አፈር ተሸካሚ ሆኜ ጀመርኩ፣ ከረጢት ሞላሁ፣ ውሃ አጠጣሁ፤ አሁን ችግኝ አዳቃይ ነኝ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የመራራ ብርቱካን ዘር ታፈላና ግንዱ እርሳስ ሲያክል ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብለህ ልጡን በቢላዋ ትሰነጥቃለህ። ከጣፋጩ ዛፍ አንድ እንቡጥ ከነልጡ ታነሳና ስንጥቁ ውስጥ ሸጉጠህ በፕላስቲክ ጥብቅ አድርገህ ታስራለህ። እንቡጡ ሲይዝለት ከሥሩ መራራ፣ ከላዩ ጣፋጭ የሆነ አንድ ዛፍ ይወጣል። መራራው ሥር ድርቅና በሽታ ይችላል፣ ጣፋጩ ያፈራል፤ እንደ ባልና ሚስት ተቻችለው ይኖራሉ። ታዲያ መራራውም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ከእስሩ በታች የራሱን ቡቃያ ሊያወጣ ይሞክራል። እሱን ቶሎ ቶሎ እየለቀሙ መጣል ነው። ካልተለቀመ ጣፋጩን ይጫነዋል።

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ አንድ ሽማግሌ ነው። ሙጫ ነው የምንለው፤ የያዘውን አይለቅማ። ቢላዋም ይሁን ክርክር ከያዘ ያዘ ነው። ዓይኔን በጨርቅ አስሮ ቅጠል መዳፌ ላይ እያኖረ ይፈትነኝ ነበር፤ የሎሚ ነው የመንደሪን፣ የጣፋጩ ነው የመራራው እያለ። ከተሳሳትኩ ቅጠሉን አፌ ውስጥ ከትቶ አኝክ ይለኛል። ምላሴ ደንዝዞ ምሳዬን ሳላጣጥም የበላሁበትን ቀን አልቆጥርልህም። ግን ተማርኩ። ዛሬ ቅጠል በጨለማም ብትሰጠኝ አንገቱን ዳስሼ የማን ልጅ እንደሆነ እነግርሃለሁ።

አሁን እጄ ወደቆሰለበት፣ ደም ወደፈሰሰበት ቀን ልምጣ። የዛሬ አርባ ቀን ረፋዱ ላይ ችግኙን ከፀሐይ በምናስጠልልበት ጥላ ቤት ውስጥ ተደርድረን እናዳቅላለን። አንድ ገበሬ ገባ፤ በአንድ እጁ ጆንያ በሌላው ገጀራ ይዟል። ገጀራ የያዘ ሰው እዚህ ብርቅ ስላልሆነ ማንም ቀና አላለም። ጆንያውን መሃላችን ዘረገፈው። ብርቱካን ነው፤ እየተንከባለለ ከየወንበራችን ሥር ገባ። የዛሬ ሰባት ዓመት ከእናንተ ገዝቼ ተከልኩ፣ ይኸው ቅመሱት፣ ልጆቼን በዚህ ላሳድግ ነበር ብሎ ጮኸ። ሙጫ አንዱን አነሳ፣ በጥፍሩ ልጣጩን ላጥ አደረገ፣ አሸተተው። «ይሄማ የእኛ...» ብሎ ሳይጨርስ ገጀራው ትከሻው ላይ አረፈ።

ድምፁን እስካሁን እሰማዋለሁ። እርጥብ እንጨት ሲፈለጥ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቀው የለ? ሙጫ አልወደቀም። ሰውዬው ሊደግመው ገጀራውን ሲያነሳ ሙጫ ቢላዋ በያዘበት እጁ ሊመክት ሞከረ፤ ሁለት ጣቶቹ ከነቢላዋው ችግኙ መሃል ወደቁ። ደሙ አዲስ ባሰርናቸው ችግኞች ላይ ተረጨ። ከዚያ ወዲያ እኔን አትጠይቀኝ። ሁላችንም ሰውዬው ላይ ሰፈርንበት። በመጀመሪያው ቡጢ አፉን አገኘሁት፤ ቀኝ እጄን የቦጨቀው የሱ የፊት ጥርስ ነው፣ ቁስሉ አመርቅዞ እስከ ዛሬ ቢላዋ አላስጨብጠኝም። ከወደቀ በኋላም ረገጥኩት። የጎን አጥንቱ ከጫማዬ ሥር ቋ ሲል ሰማሁት፣ ሰምቼም ደገምኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። አንተ መጥረቢያውን በአውራ ጣትህ ስትሞክረው የሚሰማህን ያን ቀን በእግሬ ቀመስኩት።

እንዳንገድለው ያዳነው ራሱ ሙጫ ነው። ደሙ እየፈሰሰ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ተዉት ብሎ ጮኸ። ሐኪም አምጡ ወይም ጣቴን ፈልጉልኝ የሚል መስሎን ስንዞር «ቅጠሉን! የዛፉን ቅጠል አምጡልኝ!» ይላል። ሰው ሊሞት እያጣጣረ ቅጠል ሲጠይቅ ሰምተህ ታውቃለህ? አበደ አልን። አላበደም። የያዘውን አይለቅም አላልኩህም?

ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ፣ ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ዛፎቹን ካላየሁ ብሎ ድርቅ አለ። ነገሩ በሕግ ስለተያዘ መርማሪው ፖሊስ ገበሬውን ጭምር ይዞ ሄደልን። የሰውዬው ፊት በእኛ ዱላ ሐብሐብ አክሏል፤ እኔን ሲያይ ወደ ኋላ አለ፣ እኔም አንገቴን ደፋሁ። ማሳው ላይ ሙጫ ፍሬውን ቀና ብሎም አላየው። ዛፉ ሥር ተንበረከከና እጄ ታስሯልና አንተ አንብበው አለኝ። አነበብኩት። የቅጠሉ አንገት ሰፊ ክንፍ አለው፣ የመራራው ነው አልኩ። እሾሁ ረጅም ነው፣ የመራራው ነው አልኩ። ግንዱ ከመሬት ቀጥ ብሎ አልወጣም፤ ከጎን ተነስቶ ነው የተቃናው። አጠገቡም ድሮ ተቆርጦ የዳነ ጉቶ አለ፣ የእኛ እስር የሚያርፍበት ቁመት ላይ። ሙጫ ወደ ገበሬው ዞረና ችግኙ ሲያድግ ስንት ቡቃያ ነበረው ብሎ ጠየቀው።

ሁለት ነበሩ አለ ሰውዬው። አንዱ ከእስሩ በላይ ያለ፣ ቀጭንና ቀሰስተኛ፤ አንዱ ከታች የወጣ፣ ወፍራምና ቀጥ ያለ። «እኔም ደካማውን ቆረጥኩት፣ ጠንካራውን ተውኩት» አለ። ይህን ሲል ሥራውን አሳምሮ እንደሠራ ሰው ቀና ብሎ ነበር። ሙጫ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ በደረቱ ላይ የታሰረውን እጁን አይቶ አለቀሰ። ገበሬው በገዛ እጁ ጣፋጩን ቆርጦ መራራውን ነበር ሰባት ዓመት ያሳደገው። መርማሪው ጽፎ ጨረሰ። እኔ ግን እዚያው አፈሩ ላይ ዘጭ አልኩ። ሌሎቹ ፀሐይ የመታኝ መስሏቸው ውሃ አመጡልኝ።

ወንድምዓለም፣ አባባ በቆሎ ስናሳሳ የሚለንን ታስታውሳለህ አይደል? «ከሁለቱ ደካማውን ንቀል፣ ጠንካራውን ተው።» በቆሎም ላይ እንዲሁ፣ ማሽላም ላይ እንዲሁ፣ ጎመንም ላይ እንዲሁ። ተሳስቼ ጠንካራውን የነቀልኩ ቀን ጆሮዬን ጠምዝዞ አስተምሮኛል። አባባ ከጎረቤታችን ያን የብርቱካን ችግኝ አምጥቶ ሲተክል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በቢጫ ፕላስቲክ ታስሮ ነበር፤ ሰውዬው ችግኙን ሁሉ በቢጫ ነበር የሚያስረው። በዚያው ወር አንተና አባባ ለአጨዳ ወጣችሁና ችግኙን እኔን አደራ አላችሁኝ፤ ውሃ አጠጣ፣ ከላሟ ጠብቅ ብላችሁ። አጠጣሁ። ጠበቅሁ። ሁለት ቡቃያ አወጣ። አንዱ ከቢጫው በላይ፣ የበሽተኛ ጣት የመሰለ። ሌላው ከታች፣ በሳምንት ውስጥ እስከ ጉልበቴ የደረሰ።

ደካማውን ከእስሩ በታች በማጭድ ቆረጥኩት። አባባ ሲመለስ ጠንካራውን አይቶ ጎበዝ እንዲለኝ ነበር፤ አለኝም፣ ሌላ ቡቃያ መቁረጤን ግን አልነገርኩትም። ቢጫው ማሰሪያ ከተቆረጠው ጋር ወደቀ። ያምራል፣ አብረቅራቂ ነው፣ መጣል አሳሳኝ። የመጥረቢያው እጀታ ተሰንጥቆ ስለነበር ስንጥቁን በሱ ጠመጠምኩበት። ትንሽ ቆይቶ ግን አባባ ማሰሪያው እንዳይነካ ማለቱ ትዝ አለኝና ፈራሁ፤ ከላዩ አሮጌ የብስክሌት ጎማ ቀድጄ ደረብኩበት። አባባ እጀታውን ጨብጦ ሲያየው ራሴን ዳበሰኝ። አናጢ ይወጣሃል አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት የለም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አንተም ታውቀዋለህ፤ ነገር ግን አሁን የነገርኩህን ይዘህ እንደገና አስበው። በስድስተኛው ዓመት ዛፉ አፈራ፣ ፍሬው አፍ የማይቀበለው መራራ ሆነ። አባባ አታለለኝ አለ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ጎረቤታችን የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእኔን ቡቃያ ሰው ቆርጦታል፣ ቢጫ ያሰርኩበትን ማን ነካው አለ። አባባም በቤቴ ማንም አልነካውም፣ ልጆቼን ጠይቁ አለ። አንተን ጠየቁህ፣ አልነካሁም ብለህ ማልህ፤ እውነትህን ነው። እኔን ጠየቁኝ። የዐሥራ አምስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፣ ከንፈሬ ላይ ጢም አቀምቅሟል። እኔም አልነካሁም ብዬ ማልኩ። መቁረጤ ፍሬውን እንዳመረረው አላወቅሁም፤ ይህን እመነኝ። አባባ ያስተማረኝን ነበር ያደረግሁት። ግን ቆርጫለሁ ብል በሰው ፊት ጆሮዬን ይጠመዝዘኛል ብዬ ነው የዋሸሁት። ለጆሮዬ ብዬ።

ጎረቤታችን በመሐላችን ሐሰተኛ ተባለ። ተነስቶ፣ ይህ ቤት አባትም ልጅም አንድ ምላስ ነው፣ ውሸታሞች ናችሁ አለ። የእኛ ቤት ሰው እጁ ከአፉ እንደሚቀድም ታውቃለህ። አባባ ቤት ገብቶ መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። ስለቱን አዙሮ በጀርባው ነበር የመታው፤ ምሕረት ያደረገ መስሎት። የሰውዬው ቀኝ ክንድ ከክርኑ በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ፣ ነጩ አጥንት ቆዳውን ቀዶ ወጣ። ያ ክንድ ቀጥ ብሎ አልዳነም። ያ እጅ ከዚያ ወዲያ አንድ ችግኝ አላዳቀለም። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ዓይኔ ያረፈው እጀታው ላይ ነው። ጎማው አልተፈታም ነበር። የጠገንኩት ነገር ይይዛል ብዬ አሰብኩ፤ ይህን በማሰቤ እስከ ዛሬ እራሴን እጠየፈዋለሁ።

በዓመቱ ልጁ የአባቱን የማዳቀያ ቢላዋ ይዞ አባባን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ጠበቀው። አንተ ነህ ራሱን ጭንህ ላይ የያዝከው። ዱቄቱና ደሙ ተቀላቅሎ ሸሚዝህ ላይ ሊጥ ሆኖ ነበር፤ እማዬ ሦስት ጊዜ አጥባው አልለቅ ሲል አቃጠለችው። ልጁ አልሸሸም። ቢላዋውን ጥሎ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። አንተ ልትዘልበት ስትል ስድስት ሰው ነው የያዘህ። ያን ቀን ደሙን ልትመልስ ማልክ። እኔም አጠገብህ ቆሜ አብሬህ ማልኩ፤ መቁረጤን እንደደበቅሁ፣ ለሁለተኛ ጊዜ በሐሰት።

ይህን ሁሉ ያልኩት ልታምነኝ ስለማይገባ ነው። ሁለት ጊዜ የዋሸ ሰው ሦስተኛውን ለምን ይታመናል? ወንድሜ እንዳይታሰርብኝ ብሎ የፈጠረው ነው ትላለህ። እኔም አንተን ብሆን እንዲያው እል ነበር። ስለዚህ እኔን ተወኝና ዛፉን ጠይቀው።

ጠዋት፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል ውጣ። አንድ ደህና ቅጠል ቁረጥና አንገቱን እይ፣ ከእንጨቱ ጋር የሚያያዘውን ማለቴ ነው። ከላክሁልህ ሁለት ቅጠሎች በክር የታሰረው የመራራው ነው። አየኸው? አንገቱ ላይ ሌላ ትንሽ ቅጠል የተሰፋበት ይመስላል፤ ግራና ቀኝ ሰፋ ብሎ ልብ የመሰለ ክንፍ አለው። ያልታሰረው የጣፋጩ ነው፤ አንገቱ ቀጭን ነው፣ ክንፉም ከጥፍር ጠርዝ አይበልጥም። የእኛን ዛፍ ቅጠል ከሁለቱ አጠገብ አስቀምጥና የትኛውን እንደሚመስል አንተው ፍረድ። ሲደርቅ ትንሽ ይኮማተራል፤ ቅርጹ ግን አይጠፋም። ቅጠሉን በጣትህ ፍተገው፣ ሽታው አፍንጫህን ይወጋሃል። ከሥር አካባቢ የሚወጡትን ለጋዎቹን ደግሞ እይ፤ ጣትህን ጠብቅ፣ እሾሁ የጣት አንጓ ያክላል። ፍሬ ካለው አንዱን በወገቡ ቁረጠው። ልጣጩ ወፍራምና ጎርበጥባጣ ነው፣ መሃል እምብርቱ ባዶ ነው። ያን ፍሬ ስንት ጊዜ መሬት ላይ ፈጥፍጠነዋል፤ አንዴ እንኳ ውስጡን አላየነውም።

እስካሁን ያልኩህ መራራ መሆኑን ብቻ ነው የሚያሳይህ፤ እሱንማ ምላሳችን ነግሮናል። ዋናው እታች ነው። ተንበርከክ፤ ወገብህ ቢያምህም ተንበርከክ። በምሥራቅ በኩል፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ላይ፣ እታችን ልብስ ስታሰጣ ባልዲዋን የምታሳርፍበት ጡጫ የሚያክል ጉብ አለ። እሱ ጣፋጩ የተቆረጠበት ጉቶ ነው። ሙሉው ግንድ ከጉቡ በታች ከጎን ተነስቶ፣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚቃናው። ጎረቤታችን አታልሎን ያልተዳቀለ መራራ ሰጥቶን ቢሆን ኖሮ ግንዱ ከሥሩ ቀጥ ብሎ በወጣ፣ ጉብም ባልኖረው። ሰውዬው እውነቱን ነበር። በአደባባይ እውነቱን ተናግሮ ነው ክንዱ የተሰበረው።

አሁንም ካላመንክ መጥረቢያውን ከበሩ ኋላ አምጣው። እጀታው ላይ ያለውን ጎማ ፍታ። ጎማው ሥር ቢጫ ካላገኘህ እኔ ውሸታም ነኝ፣ የፈለግኸውን አድርግ፣ አንድ ቃል አልናገርህም። ቢጫ ካገኘህ ግን ያን ማሰሪያ የቋጠረው የማን እጅ እንደሆነ ታውቃለህ፣ ከዛፉ ላይ ያወረደውም የማን እጅ እንደሆነ ታውቃለህ።

ልጁ አባባን አልገደለም አልልህም። ገድሏል። እኔም እንደ አንተው አባቴን ነው ያጣሁት። እሱ ግን ለገደለው ዐሥራ አራት ዓመት ታስሯል፤ እኔ ለዋሸሁት አንድ ቀን እንኳ ከበር ውጭ አላደርኩም። አባባን የገደለውን ሁሉ ልግደል ካልክ መንገዱን ከእስር ቤቱ በር ድረስ መለካት አያስፈልግህም። ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፤ በሚመጣው ወር በሦስተኛው ቀን እደርሳለሁ፣ እሱ ከመውጣቱ አራት ቀን በፊት ማለት ነው። እዚያው ዛፉ ሥር ተቀምጬ እጠብቅሃለሁ። ያን ገበሬ መሬት ላይ ከጣልኩት በኋላ ስረግጠው የነበርኩትን እኔን አይቼዋለሁና አንተም እንደዚያ እንድትሆንብኝ አልፈልግም። ገበሬው ልጆች አሉት፤ ችሎት የቀረበ ቀን አንደኛዋ ከበሩ ውጭ ቆማ ጥርሱ የት ሄደ ብላ እናቷን ትጠይቅ ነበር።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ግን እንዳታነብላት፣ ራሴ መጥቼ እነግራታለሁ፣ ያን ጊዜ አጠገቤ እንድትቆምልኝ ብቻ ነው የምለምንህ። እታችንን በጣም በጣም እንደናፈቀችኝ ንገራት፤ ስለነገረችኝም አመስግንልኝ፣ ባልዲዋንም ከእንግዲህ ሌላ ቦታ ታሳርፍ። ለባለቤትህ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳት። ልጆችህን ሁለቱንም ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ ታናሽየው ጥርሱ ወለቀ ሲሉኝ ስቄያለሁ። ለወፍጮ ቤቱ ሰውዬ፣ ለአክስታችን፣ ስሜን ለሚያነሱ ሁሉ ሰላም በልልኝ። ለጎረቤታችንም ሰላምታዬን አንተው ራስህ ሄደህ አድርስልኝ። ስትጨብጠው ግን ቀኝ እጁ እንደማይዘረጋ አትርሳ፤ ግራህን ስጠው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጎማውንና ቢጫውን ስትፈታ ድሮ የተሰነጠቀው እጀታ ይከፈታል፣ ብረቱም ይላቀቃል። ሃያ አንድ ዓመት የያዘው እሱ ነው። አንተ ደግመህ አትጠግነው።

የሚወድህ ታናሽ ወንድምህ

ከችግኝ ጣቢያው፣ ከሁለተኛው ጥላ ቤት
ጥር 19 ቀን